አፍሽን አሳዪኝ

ልጅ ሳለሁ የምበላው ሲርበኝ አልነበረም። የምበላው ቤቱ ዝም ሲል ነበር። ከትምህርት ቤት መጥቼ ምሳ ከተበላ በኋላ እማዬ ሳህኖቹን አጣጥባ ጋደም ትላለች፤ መንገዱ ላይ የሚያልፍ ሰው ይጠፋል፤ ዝንቧ እንኳ መስታወቱ ላይ ተለጥፋ ትቀራለች። ያን ጊዜ እጄ ሳላዘው ተነስቶ ወደ ቁምሳጥኑ ይሄዳል። የዳቦ ቅርፊት፣ አንድ ማንኪያ ስኳር፣ ከብስኩት ካርቶን ሥር የቀረ ፍርፋሪ፣ ካሮት ከነአፈሩ። ጣዕሙ ትዝ አይለኝም። ማለቁን የማውቀው ጣቶቼ ባዶውን ሲዳብሱ ነበር።

አባዬ «አይጧ» ይለኝ ነበር። ወደ ሥራ ክፍሉ ብቅ ስል «አይጧ መጣች፣ ወረቀቱን ደብቁ» ይላል፤ እዚያ ውስጥ ከእሱ በቀር ማንም ሳይኖር።

አባዬ የትንፋሽ መሣሪያ ጠጋኝ ነበር። የትምህርት ቤት ባንዶች ያጎበጡት ትራምፔት፣ የሆቴል ሙዚቀኞች መጠጥ ያፈሰሱበት ሳክስፎን፣ ዓመት ሙሉ አልጋ ሥር የከረመ ክላርኔት፣ ሁሉም ወደ እሱ ይመጣ ነበር። የሥራ ክፍሉ የቤታችን የፊት ክፍል ነው፤ ከሳሎናችን የሚለየው የጣውላ ግድግዳ ብቻ ነበር። እዚያ ውስጥ የራሴ በርጩማ ነበረኝ። የራሴም ሥራ ነበረኝ። የክላርኔት ቁልፎች ከሥራቸው ጥፍር የምታክል የቆዳ ትራስ አለቻቸው። ትራሷ ቀዳዳዋን አጥብቃ ካልደፈነች ትንፋሽ ይሾልካል፣ ድምፁ ይሻክራል። አባዬ የትኛዋ እንደምታሾልክ ለማወቅ ስስ ወረቀት ከሥሯ አስገብቶ ቀስ ብሎ ይስባል። ወረቀቱን ከያዘችው ደህና ናት፤ ዝም ብሎ ከወጣ ታማለች ማለት ነው። እነዚያን ቀጫጭን ወረቀቶች በመቀስ የምቆርጠው እኔ ነበርኩ። «እንደ አይጧ የሚቆርጥ የለም» ይል ነበር ለደንበኞቹ፣ እኔ እየሰማሁ።

እዚያ ክፍል ውስጥ ሆኜ አንድም ቀን በልቼ አላውቅም። ይህን ያስተዋልኩት ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ ነው።

ከዚያ አባዬን ጉንፋን ያዘው። ጉንፋን ነው ብለውኛል። ዝናቡ ቢያባራም አለቀቀው። አንድ ጠዋት ወጥቶ እስከ ምሳ ቆየ፤ ሲመለስ ኮፍያውን እንኳ ሳያወልቅ በርጩማዬን አንጠልጥሎ ወደ ሳሎን አወጣና የሥራ ክፍሉን በር ከውስጥ ዘጋው። በማግስቱም ወጣ። ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ መውጣት ሥራው ሆነ። ጥቂት እንደቆየ ደግሞ ብቻውን መመለሱ ቀረ።

ረጅም ነበረች። ሃያ ዓመት ቢሞላት ነው። ጠባብ ትከሻ፣ ትልልቅ እጆች፣ ሙቀት ሆነ ብርድ ከአንገቷ የማይወርድ ግራጫ ሻርፕ። እኔ በልቤ «ረጅሟ» አልኳት፤ ሌላ ስም ልሰጣት አልፈለግሁም። በመጣች ቀን አባዬ ሳሎን ብቅ ብሎ ዙሪያውን አየና በርጩማዬን አንስቶ መልሶ ወደ ውስጥ ወሰደው። ተነስቼ ተከተልኩት። በሩ ላይ ስደርስ ተቀምጣበታለች።

«እዚያው ቁሚ» አለኝ አባዬ።

እሱ ክፍሉ ጥግ፣ ከተከፈተው መስኮት አጠገብ ቆሟል። ብርድ ነበር፤ መጋረጃው ይውለበለባል። ሴትዮዋ ንፋስ ትወዳለች ማለት ነው ብዬ አሰብኩ። ድሮ እኔ ስከፍተው «ዝጊው፣ ወረቀቱ ይበተናል» ይል የነበረው መስኮት ነው።

«ወረቀት ልቆርጥ ነው» አልኩት።

«አፍሽን አሳዪኝ።»

ከፈትኩ። ከነበረበት ሳይነቃነቅ አየኝ፣ ዓይኑን ጨፈን ጨፈን እያደረገ፣ ዕቃ ከሩቅ እንደሚመርጥ ሰው።

«ዳቦ ነው?»

ዋጥኩት። «አልቋል።»

«አየሽ፣ አንቺ አፍሽ ባዶ ሆኖ አያውቅም። መሣሪያ ደግሞ ፍርፋሪ አይወድም። ስኳር የነካው ጣት ትራሱን ያጣብቀዋል።»

«ድሮስ እበላ አልነበረ?»

ረጅሟ ጉልበቷ ላይ ያለውን ክላርኔት ትመለከታለች።

«አሁን የመጡት ውድ ዕቃዎች ናቸው» አለ በመጨረሻ። «ከምግብ ሰዓት ውጪ መብላት የተውሽ ቀን ትገቢያለሽ።»

«ከተውኩ ታስገባኛለህ?»

«አስገባሻለሁ።»

ልጁን የሚያውቅ አባት ነበር። እንደማልችል እርግጠኛ ሆኖ ነው ቃል የገባልኝ። ዛሬ ሳስበው ጊዜ እየገዛ ነበር፤ ያን ዕለት ግን የሰማሁት አንድ ነገር ብቻ ነው። እሷ ትገባለች፤ ንጹሕ ስለሆነች። እኔ አልገባም፤ ስለምበላ።

ይህ ብቻ ቢሆን ምናልባት እችለው ነበር። ያቃጠለኝ ትሪው ነው። በየረፋዱ እማዬ ሁለት የተቀቀለ እንቁላል፣ ቅቤ የተቀባ ዳቦና በትልቅ ኩባያ ወተት ትሪ ላይ ደርድራ የሥራ ክፍሉን በር ኳ ኳ አድርጋ መሬት ላይ አስቀምጣ ትመለሳለች። በሩ ትንሽ ይከፈታል፤ የረጅሟ እጅ ይወጣል፤ ትሪው ይገባል። ከሰዓትም ይደገማል። እኔ እንቁላል የማየው እሁድ እሁድ ነበር፣ እሱም ግማሽ።

«ከምግብ ሰዓት ውጪ መብላት ክልክል አይደለም ወይ?» አልኳት እማዬን።

«ላንቺ ነው ክልክል።»

«እነሱስ?»

«እነሱ ይሠራሉ። ሂጂ ደብተርሽን አንሺ።»

ኩባያው ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። ነጭ፣ አፉ ዙሪያ ሰማያዊ ቀለም የዞረው ነበር። ከእኛ ዕቃ ጋር አይቀመጥም፤ አብሮም አይታጠብም። እማዬ ለብቻው በፈላ ውሃ ታጥበውና ፀሐይ ላይ ትደፋዋለች፣ ለንጉሥ እንደሚቀርብ። አንድ ጊዜ አንስቼ ላየው ስል «ተይው» አለችኝ፤ ቁጣዋ ከሥራዬ ጋር የማይመጣጠን ነበር። ረጅሟ ግን በጣቷ አንጠልጥላ ስታመጣው ምንም አትላትም።

እማዬና አክስቴ ኩሽና ሲያወሩ ከበሩ ጀርባ ሆኜ እሰማ ነበር። አክስቴ ድምፅ መቀነስ አትችልበትም፤ ሹክሹክታዋ ከሌላ ሰው ንግግር ይጮኻል።

«በየጠዋቱ ይወጣል፣ ከእሷ ጋር ይመለሳል። ጎረቤቱ ዓይን የለውም?»

«ይኑረው» አለች እማዬ።

«ምን እንደሚባል አልሰማሽም ማለት ነው።»

«ሰምቻለሁ። ባለሱቋ ትናንት ‹ባልሽ ወጣት ሠራተኛ ቀጠረ አሉ› ብላ ወጋ አደረገችኝ።»

«እና ምን አልሻት?»

«ምን እላታለሁ? ስኳሬን ተቀብዬ መጣሁ።»

«የኔ እህት፣ ይሄ ስኳር ተቀብሎ የሚመጣበት ነገር ነው?»

እማዬ እንቁላሉን ከድስቱ አፍ ጋር አጋጨችው። «እንደዚያ ቢያስቡ ይሻለኛል» አለች። «እውነቱን ከሚያውቁ እሱን ያስቡ። እውነቱን ያወቁ ዕለት አንድ ደንበኛ በራችንን አይረግጥም።»

«ልጅቷስ? አትፈራም?»

«እሷ አልፋበታለች። እንደ እሷ የሚረዳው ሰው የለም።»

አክስቴ ከንፈሯን መጠጠች። እኔ ሁሉንም ሰማሁ፤ ሁሉንም በራሴ ልክ ሰፋሁት። እንደ ረጅሟ አባዬን የሚረዳው የለም። እማዬ ራሷ ተሸንፋለች፤ ለአሸናፊዋ እንቁላል ትቀቅላለች። እኔ ግን አልቀቅልላትም አልኩ፤ አፌን ባዶ አድርጌ በርጩማዬን እወስዳለሁ።

ማለቱ ቀላል ነው። ከምሳ በኋላ እጆቼ ላይ ተቀመጥኩባቸው፤ ደነዘዙብኝ። የቁምሳጥኑን እጀታ በጫማ ክር አሠርኩት፤ ክሩን በጥርሴ ስፈታው ራሴን አገኘሁት። ጥፍሬን በላሁ። እርሳስ በላሁ። ውሃ እየጠጣሁ ሆዴ እስኪንቦጫረቅ ድረስ ወዲያ ወዲህ አልኩ። አንድ ከሰዓት ስኳር በአፌ ሞልቼ እንባዬ እየወረደ መስታወት ፊት ቆምኩ፤ መትፋት አቃተኝ፣ መዋጥም አሳፈረኝ። መብላቱ ከሆዴ የመጣ እንዳልሆነ ያን ጊዜም ይገባኝ ነበር። ሌላ ምን እንደማደርግ ስለማላውቅ ነው። ከሥራ ክፍሉ ከተባረርኩ ወዲህ ከሰዓቱ ማለቂያ አልነበረውም።

የረዳኝ ትዕግሥት አይደለም። የረዳኝ ቅናት ነው።

ቁምሳጥኑ የቆመው የጣውላውን ግድግዳ ተደግፎ ነበር፤ የጀርባው ሳንቃ ከተነቀለ ቆይቷል። አንድ ቀን ከኋላ የተደበቀውን ብስኩት ልፈልግ ጭንቅላቴን ወደ ውስጥ ሳስገባ ድምፃቸውን ሰማሁ፤ ልክ አጠገባቸው እንደተቀመጥኩ ያህል።

«አንድ ወደ ታች» ይላል አባዬ።

ክላርኔቱ አንድ ድምፅ ይወርዳል።

«አንድ ወደ ታች። ትንፋሽሽን አትጨርሺ። አንድ ወደ ታች፣ ልጄ።»

ልጄ አለ።

አፌ ውስጥ ብስኩት ነበር። የቀረውን ልሰማ ጆሮዬን ከጣውላው አስጠጋሁ፤ ነገር ግን የራሴ መንጋጋ ድምፅ ሁሉንም ይሸፍነዋል። ሳኝክ አልሰማም። ማኘኬን አቆምኩ፤ ሰማሁ። እንደገና አኘክሁ፤ ጠፋ። ብስኩቱን ከአፌ አውጥቼ እጄ ላይ ያዝኩት።

ከዚያ ዕለት ጀምሮ ከሰዓቴን የማሳልፈው ቁምሳጥን ውስጥ ሆነ። ወንበር ላይ ተንበርክኬ፣ ጭንቅላቴን በዳቦውና በስኳር ቆርቆሮው መካከል አስገብቼ እሰማለሁ። ዳቦው ጉንጬን ይነካል፣ ሽታው አፍንጫዬን ይሞላዋል፤ እኔ ግን ሥራ ላይ ነኝ። ምን እንደሚያወሩ፣ መቼ እንደሚስቁ፣ ስንቴ ልጄ እንደሚላት ማወቅ አለብኝ። የሚያወሩት ግን ትንሽ ነበር። አብዛኛውን ጊዜ እሷ ትነፋለች፣ እሱ ይሰማል፣ አልፎ አልፎ ይስላል። ይህም ገረመኝ። ድሮ የጠገነውን ሁሉ የሚነፋው እሱ ራሱ ነበር። አሁን አንድም ጊዜ ሲነፋ አልሰማሁትም። አፉን ለእሷ ሰጣት ብዬ አሰብኩ፤ ልጅ እንዲህ ነው የሚያስበው።

ወሬ ስጠብቅ ድምፁን ለመድኩት። ድምፁ ከላይ ሲጀምር ጥርት ያለ ነው፤ ደረጃ እንደሚወርድ ሰው አንድ አንድ እያለ ይወርዳል፤ የሆነ ቦታ ላይ እግሩን ይስታል፣ ይሻክራል፣ ከዚያ በታች ያለው ሁሉ ሻካራ ይሆናል። የሳተበት ቦታ ላይ ነው የምታሾልከው ትራስ ያለችው። ማንም አልነገረኝም። አባዬ ረጅሟን «የት ጋ ሻከረ?» ብሎ ሲጠይቅ ለራሴ እመልሳለሁ፤ ብዙ ጊዜ እሷ ትስታለች፣ እኔ አገኛለሁ። ደስታዬ ወደር አልነበረውም። ደንቆሮ ናት አልኩ፤ በርጩማዬ ላይ ደንቆሮ አስቀምጧል።

አንድ ቀን እማዬ ከእንቅልፏ ነቅታ ከኋላዬ ደረሰች። ያየችው ከወገብ በታች ያለውን አካሌን ብቻ ነው። በመዳፏ አንድ ጊዜ አሳረፈችብኝ።

«አንቺ አይጥ። ጭራሽ ውስጥ ገብተሽ መብላት ጀመርሽ?»

ጭንቅላቴን ሳወጣ ከስኳር ቆርቆሮው ጋር ተጋጨሁ። «አልበላሁም።»

«አፍሽን ክፈቺ።»

ከፈትኩ። ወደ ብርሃኑ አዞረችኝ፣ ጣቷን አስገብታ ጉንጬን ዳበሰች፣ ምላሴን አነሳች። ምንም አልነበረም። ዳቦውን አየች፤ አልተነካም። ከዚያ ወደ ቁምሳጥኑ ጎንበስ ስትል ከግድግዳው ወዲያ የክላርኔቱን ድምፅ ሰማች። እንደዚያ ጎንብሳ ትንሽ ቆየች። ስትነሳ ፊቷ ተቀይሮ ነበር። የመታችኝን ቦታ አሻሸችልኝና ወደ ኩሽና ሄደች።

ጥቂት ሰነበትኩና ራሴን አቀረብኩ። ጥርሴን ፍቄ፣ ፀጉሬን አበጥሬ የሥራ ክፍሉን በር አንኳኳሁ። አባዬ እንደ ልማዱ መስኮቱ ጋ ነው። ከስቷል፤ ሸሚዙ ትከሻው ላይ የተሰቀለ ይመስላል። ረጅሟ በርጩማዬ ላይ ናት።

«ትቻለሁ» አልኩ። «እማዬን ጠይቃት።»

እማዬ ከኋላዬ መጥታ ቆመች። አባዬ በዓይኑ ጠየቃት።

«እውነቷን ነው» አለች። «ከምግብ ሰዓት ውጪ ከውሃ በቀር አትቀምስም።»

«አይጧ?»

«አይጧ።»

አፌን ከፈትኩለት። ከሩቅ አየ። እኔ ጨመርኩበት። «ደግሞ የያዘችው ክላርኔት የምታሾልከው ከታች ሦስተኛዋ ናት። እሷ ቅድም አራተኛዋ ናት ያለችው ተሳስታ ነው።»

ረጅሟ ቀና አለች። አባዬ መሣሪያውን ከእጇ ተቀበለና ወረቀት ከሦስተኛዋ ትራስ ሥር አስገብቶ ሳበ። ወረቀቱ ምንም ሳይዘው ወጣ።

ያን ወረቀት በሁለት ጣቱ እንደያዘ ረጅም ጊዜ አየኝ። ሊስቅ ይሆን ሊቆጣ መለየት አቃተኝ። ዛሬ በዚያው ጠረጴዛ የምሠራው እኔ ነኝ፤ የተበላሸ መሣሪያ ሲመጣልኝ ቶሎ ይገባኛል፤ ያን ፊት ግን ለመረዳት ዓመታት ፈጅቶብኛል።

«ትንሽ ቆዪ» አለ።

«ብለሃል እኮ። ከተውሽ ትገቢያለሽ ብለሃል።»

«ብያለሁ። ትንሽ ብቻ ቆዪልኝ።»

ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረና ሳለ። እማዬ ትከሻዬን ይዛ ወደ ኋላ ሳበችኝ። አሁን በእኔና በእሱ መካከል ፍርፋሪ እንኳ የለም፤ ያለችው እሷ ብቻ ናት ብዬ ደመደምኩ።

ከዚያ በኋላ አንድ ረፋድ ሁለቱም ፀሐይ ሊሞቁ ወደ ጓሮ ወጡ። በሩን ገርበብ አድርገውት ነበር። ገባሁ። ጠረጴዛው ላይ ካቻቢቴው፣ ሞላዎቹ፣ የአልኮል መብራቱ፣ ሁሉም በቦታቸው ናቸው። ወረቀቶቹን ሌላ ሰው ቆርጧቸዋል፤ ጠርዛቸው ጠማማ ነው። በርጩማዬ ላይ ተቀመጥኩ። የመስኮቱ ደፍ ላይ ሰማያዊ አፍ ያለው ኩባያ ተቀምጧል፣ ግማሽ ወተት ይዞ።

አልራበኝም፤ አልሰለቸኝምም። እነሱ ከሚጠጡበት ልጠጣ ፈለግሁ፣ ይኸው ነው። በሁለት እጄ አነሳሁት። ወተቱ ቀዝቅዞ ስስ ሽፋን ሠርቷል። ወደ አፌ አስጠጋሁት።

የረጅሟን እርምጃ አልሰማሁም። እጄን በኃይል መታችኝ፤ ኩባያው ከግድግዳው ተላግቶ ተሰባበረ፣ ወተቱ ጠረጴዛው ላይ ተረጨ። መንጋጋዬን በትልቅ እጇ ጨምድዳ ፊቴን ወደ ብርሃኑ አዞረች።

«አፍሽን ነክቷል? ንገሪኝ፣ ነክቷል?»

«አልነካም» ለማለት ጭንቅላቴን ነቀነቅሁ። ሻርፏን ከአንገቷ መንጭቃ ከንፈሬን ፈተገችው፣ ቆዳዬ እስኪቃጠል ድረስ። አባዬ በሩ ላይ ደረሰ። እዚያው ቆመ። ልጁ ተመትታ እያለቀሰች አንድ እርምጃ አልተጠጋም።

«ጠጥታለች?»

«አልደረሰችበትም፣ ጋሼ።»

የበሩን መቃን ተደገፈ። እኔ እሷን ሲቆጣት፣ ሲያባርራት፣ በርጩማዬን ሲመልስልኝ እጠብቃለሁ።

«እጅሽ ይባረክ፣ ልጄ» አለ።

ልጄ ያለው እሷን ነው።

ከዚያ በኋላ ወደ መብላቱ ተመለሰች ብሎ የሚገምት ሊኖር ይችላል። አልተመለስኩም። ብበላ የምታሸንፈው እሷ ናት። ቂም ይዤ አፌን ዘጋሁ፤ ቤቱ ዝም ቢልም፣ ከሰዓቱ ቢረዝምም፣ እጄ ተነስቶ አልሄደም። ጆሮዬን ግን ከግድግዳው አላነሳሁም።

እውነቱን የነገረችኝ እማዬ ናት፤ ለዚያውም ልትነግረኝ አስባ አይደለም። የራሴን ልጆች ከወለድኩ በኋላ ነው። ልብስ እያጣጠፍን የትንሿ ልጄ እጅ ከብስኩት እንደማይለይ ሳማርርባት «አንቺም እንደዚያ ነበርሽ፣ አባትሽ ሳንባውን ታሞ ሳለ ተውሽው እንጂ» አለችኝ።

«ሳንባውን ምን?»

አንሶላውን እንደያዘች ቆመች። «እንዴ፣ አታውቂም ነበር?»

በየጠዋቱ የሚሄደው ጤና ጣቢያ መርፌ ሊወጋ ነበር። ረጅሟን ያገኛት እዚያ ሰልፍ ላይ ነው፤ እሷ በዚያው በሽታ እናቷን ቀብራ፣ ራሷ ታክማ ድና፣ ለመጨረሻ ምርመራ የመጣች። እሱ አፉን የሰው መሣሪያ ላይ ማሳረፍ ህሊናው አልፈቀደለትም፤ ሳይነፉ ደግሞ መጠገን አይቻልም። «እኔ እነፋልዎታለሁ፣ ከእንግዲህ አልፈራውም» ያለችው እሷ ናት። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ከጤና ጣቢያው በር ጠብቃ ደግፋ ትመልሰው ነበር። እንቁላሉ የሐኪም ትእዛዝ፣ መስኮቱ የሐኪም ትእዛዝ፣ ኩባያው የሐኪም ትእዛዝ። «ትንሽ ልጅ በአጠገብዎ እንዳትደርስ» የሚለውም እንዲሁ።

«ለምን አልነገራችሁኝም?»

«ልጅ ነበርሽ። ለባለሱቋ ብታወሪስ?»

የተጣጠፈውን አንሶላ አስቀመጠች። እኔ ደግሞ ያ ቅናት ወዲያው ይለቀኛል ብዬ ጠበቅሁ። አለቀቀኝም። መልኩን ብቻ ቀየረ። እሱ እንዲያ በከሳበት ጊዜ ሁሉ አጠገቡ የተቀመጠችው እሷ ናት፤ ሲፈራ ያየችው እሷ ናት። እኔ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ጆሮ ነበርኩ።

የምነግረው የቀረኝ የዚያ የልጅነቴ ጊዜ አንድ ረፋድ ነው። እማዬ ትሪውን እንደ ልማዷ ይዛ ሄደች፤ ግን መሬት አላስቀመጠችውም። በሩን ከፍታ ገባች። ከዚያ አባዬ ጠራኝ።

«አይጧ፣ ነይ።»

በሩ ላይ እንደ ልማዴ ቆምኩ። መስኮቱ ተዘግቷል። ክፍሉ ውስጥ የማስቲሽና የአልኮል ሽታ አለ፣ ያ የድሮው። አባዬ ፊቱን ተላጭቶ ከጠረጴዛው ኋላ ተቀምጧል፤ ከጎኑ በርጩማዬ ባዶውን አለ። ረጅሟ ቆማለች።

«ነይ እንጂ፣ ግቢ» አለኝ። «ሐኪሙ ጉንፋንህ ለቆሃል አለኝ።»

ገባሁ። በርጩማዬ ላይ ተቀመጥኩ። አባዬ ከትሪው እንቁላል አንስቶ በጥንቃቄ ላጠው፣ ጨው ነካ አደረገበት፣ ገመሰው። ግማሹን ወደ እኔ ዘረጋ። ሦስቱም ያዩኛል፤ እማዬ የመሐረቧን ጫፍ ትጠመዝዛለች።

ያ እንቁላል የእነሱ እንቁላል ነው። ስንት ረፋድ በበሩ ስንጥቅ ሲገባ ያየሁት፣ ለእኔ ክልክል የነበረ። አሁን እንደ ትራፊ ይሰጠኛል። ደግሞም ፈተና ነው፤ እሷ ፊት ሊፈትነኝ ነው ብዬ ጠረጠርኩ።

«አልበላም» አልኩ። «የምግብ ሰዓት አልደረሰም።»

ግማሹ እንቁላል አየር ላይ ቀረ። አባዬ ወደ እማዬ አየ፣ እማዬ ወደ ወለሉ አየች። ከዚያ ረጅሟ በዝግታ «ያስተማሯት እርስዎ ነዎት፣ ጋሼ» አለች።

እንቁላሉን ራሱ በላው። ቀስ ብሎ አኘከ፣ ለመዋጥ ጊዜ ፈጀበት። እጁን ጠራረገና ወንበሩን ወደ እኔ ሳበ።

«እሺ» አለ። «አፍሽን አሳዪኝ።»

ከፈትኩ። በዚያ ጊዜ ሁሉ የሚያየኝ ከመስኮቱ ጥግ ሆኖ ነበር። ያን ቀን ግን ጎንበስ አለ፤ አገጬን በሁለት መዳፉ ያዘ፣ ፊቱን ወደ ፊቴ አስጠጋ፣ ትንፋሹ ጉንጬን እስኪያሞቀው ድረስ። የሚያየው ነገር እንደሌለ እየታወቀ ብዙ ቆየ። አፌን መክፈት ደከመኝ፤ ግን አልዘጋሁም።

«ባዶ ነው» አለ ድምፁ ሻክሮ። «ምንም የለበትም። ጎበዝ፣ ልጄ።»

መቀሱን አነሳሁ። ከዚያ በትከሻው ላይ አሾልቄ ረጅሟን አየኋት፤ መስማቷን ማረጋገጥ ነበረብኝ። ፊቷን ወደ ተዘጋው መስኮት አዙራ፣ ዓይኗን በሻርፏ ጫፍ ትጠርጋለች።

ቀናች አልኩ በልቤ።